ካርቡሬተሩን ከመፍታቴ በፊት መግዛት የነበረብኝ ጌጅ

መኪናዬ አሮጌ ፒካፕ ናት። ባለ ካርቡሬተር ናት (ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ክፍል)፣ የነዳጅ ፓምፗም ሞተሩ ጎን ላይ የታሰረ መካኒካል ነው፣ ኮምፒውተር የሚባል ነገር አታውቅም። ጠዋት ቶሎ ትነሳለች። ሚኒሞዋ (ጋዝ ሳይረገጥ የምትዞርበት ፍጥነት) ልክ ነው። ሜዳ ላይ አልጋ በአልጋ ናት። ጭነት ይዛ ዳገት ስትጀምር ግን መጀመሪያ ትንገጫገጫለች፣ ቀጥሎ ትታፈናለች፣ ከዚያ ቀጥ። ትንሽ አርፋ ምንም እንዳልተፈጠረ ትነሳና ትሄዳለች። ልብ የሚያወልቀው ይኸ ነው፤ መካኒክ ፊት ስትቀርብ ከእኔ ይልቅ ጤነኛ ትመስላለች።

እኔም ሁሉም ሰው የሚያደርገውን አደረግኩ። ካርቡሬተሩን ፈታሁት። ጓርኒሲዮኑን፣ ነዳጁን የሚያስገባውንና የሚዘጋውን መርፌና መቀመጫውን፣ የማፍጠኛ ፓምፗን ላስቲክ ሁሉንም ቀየርኩ፣ ጂግለሮቹን (ነዳጅ የሚያልፍባቸውን ጠባብ ቀዳዳዎች) በአየር ነፋሁ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ቤንዚን ቤንዚን ስሸት ከረምኩ። ዳገቱ ላይ ቆመች። ፊልትሮ ቀየርኩ። ቆመች። በመጨረሻ አዲስ የነዳጅ ፓምፕ ገዝቼ አስገባሁ፤ እዚያው ቦታ፣ እዚያው ጥግ ጋ ቀጥ አለች። አንድ ሽማግሌ መካኒክ ታሪኩን ከሰሙኝ በኋላ ሳቅ ብለው «ልጄ፣ ነዳጁ መድረሱን ሳታይ ካርቡሬተሩን ምን አርግ ትለዋለህ?» አሉኝ። ያኔ ነው ይህችን ጌጅ የገዛኋት።

የቫኪዩም (የመሳብ ኃይል) እና የነዳጅ ግፊት ጌጅ፣ ማለትም መለኪያ፣ ናት። መዳፍ የምታህል ክብ ሰዓት፣ አንድ ቱቦ፣ ለተለያየ ውፍረት የሚሆኑ መገጣጠሚያዎችና ሁለት ቲ (ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ)፣ በፕላስቲክ ሳጥን። የሚገፋውን እስከ 10 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ)፣ የሚስበውን እስከ 30 ኢንች ሜርኩሪ (የቫኪዩም መለኪያ አሃድ) ታነባለች። ባትሪ የላትም፣ የሚበላሽ ነገርም ብዙ የላትም።

እውነቱን ልናገርና፣ ማንም ጌጅ ከመግዛቱ በፊት በነጻ የሚሠራ አንድ ምርመራ አለ። መኪናዋ ታፍና እንደቆመች ሞተሩን አጥፍታችሁ የአየር ማጣሪያውን አንሱና የካርቡሬተሩን ጉሮሮ እያያችሁ ጋዙን በእጅ ሳቡ። ቀጭን ጠንካራ የቤንዚን ክር ከረጨ ካርቡሬተሩ ውስጥ ነዳጅ አለ ማለት ነው፣ ስለዚህ የእሳት ብልጭታ ወደሚሰጡት ክፍሎች፣ ወደ ቦቢና፣ ኮንደንሰርና ፑንቲና ዞር በሉ፤ ሲሞቅ የሚሞት ቦቢና ልክ እንደ ነዳጅ እጥረት ያስመስላል። ምንም ካልረጨ ወይ ማፍጠኛ ፓምፑ ሞቷል ወይ ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው የነዳጅ ማጠራቀሚያ ደርቋል። የእኔ አዲስ ላስቲክ ነበረው፣ ግን ዳገቱ ላይ ሁለት ጠብታ እንኳ አልወጣውም። ይህን ቀድሜ ባየሁ ኖሮ ካርቡሬተሩን ባልነካሁት።

አንድ ሌላ ነገርም በነጻ ነው። የሰልባትዮው (የነዳጅ ታንኩ) ክዳን መተንፈሻ ሲደፈን ውስጡ አየር አጥሮት ነዳጁን ይዞ ያስቀራል። መኪናው ሲታፈን ክዳኑን ስትከፍቱ ጥሽሽ ብሎ አየር ከሳበ አገኛችሁት። የእኔ ዝም አለ።

ወደ ጌጇ። መጀመሪያ ያሰርኳት ፓምፑና ካርቡሬተሩ መካከል ነው፣ በቲ። ለባለ ካርቡሬተር መኪና ከ4 እስከ 7 ፒኤስአይ በብዛት የሚጠበቅ ነው፣ ትክክለኛውን የመኪናው መጽሐፍ ይነግራችኋል። የእኔ በሚኒሞ 5 አካባቢ ቆመ። ጥሩ አይደል? ለዚህ ነው ቆማ ሳለች ማንም ምንም የማያገኝባት። ጌጇን ከውጭ በኩል በመስታወቱ ላይ በፕላስተር አጣብቄ ዳገቱን ወጣሁ። (ነዳጅ ያለበትን ቱቦ ወደ ጋቢና ውስጥ አታስገቡ፣ በፍጹም።) መርፌዋ 5 ላይ፣ 4 ላይ፣ 3 ላይ፣ ከዚያ 1 ላይ ወርዳ ተኛች፣ መኪናዋም ታፈነች። ያን ያህል ጊዜ የለፋሁበትን ነገር ዓይኔ እያየ መርፌዋ ነገረችኝ።

የእቃው የመጀመሪያ ጉድለትም እዚህ ላይ ወጣ። አብሯት የሚመጣው ቱቦ አጭር ነው፣ መስታወቱ ጋ አይደርስም። ረዘም ያለ፣ ለቤንዚን ተብሎ የተሠራ ቱቦ ለብቻው ገዛሁ። የውሃ ቱቦ እንዳትሞክሩ፣ ቤንዚን ያሟሟዋል። ሁለተኛ፣ መካኒካል ፓምፕ እየመታ ስለሚገፋ መርፌዋ በሚኒሞ ትንቀጠቀጣለች፣ ቁጥሩን በግምት መሃሉን ይዛችሁ ነው የምታነቡት።

ግፊት ብቻውን አይበቃም። መጠንም አለ። የካርቡሬተሩን መግቢያ ነቅዬ ወደ ጠርሙስ አዞርኩና ማጠራቀሚያው ውስጥ በቀረው ነዳጅ ሞተሩን በሚኒሞ አስነሳሁ። የተለመደው መለኪያ በ30 ሰከንድ ግማሽ ሊትር ገደማ ነው። የእኔ ግማሹን እንኳ አልሞላም፣ የሚወጣውም እንደ ለስላሳ መጠጥ አረፋ የበዛበት ነበር። አረፋ! ይህን ሥራ በቀዝቃዛ ሞተር፣ ደጅ ላይ፣ እሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ አድርጋችሁ ሥሩ፤ የሚያጨስ ጓደኛ ካላችሁ ሂድ በሉት።

አረፋው አየር ነው። አየር የሚገባው ደግሞ ፓምፑ ከሚስብበት ወገን ነው፣ ምክንያቱም ከፓምፑ በኋላ ያለ ቀዳዳ ቤንዚን ወደ ውጭ ያንጠባጥባል፣ ከፓምፑ በፊት ያለ ቀዳዳ ግን አየር ወደ ውስጥ ይስባል እንጂ ብዙ ጊዜ አያንጠባጥብም። ለዚህ ነው መሬቱን ስናይ፣ ሽታ ስንፈልግ ምንም ያላገኘነው።

አሁን ጌጇ የተገዛችበት ሥራ መጣ። ቱቦውን ከፓምፑ መግቢያ ነቅዬ ጌጇን በቦታው አስገባሁና ሞተሩን አስነሳሁ። ሞተሩ ካርቡሬተሩ ውስጥ ባለው ነዳጅ ትንሽ ጊዜ ይሠራል፣ ያ ይበቃል። ፓምፑ ከ10 ኢንች በላይ ሳበ፣ ሞተሩን ሳጠፋም መርፌዋ ባለችበት ቆመች። ፓምፑ ደህና ነው ማለት ነው። ቀጥዬ ቱቦውን ወደ ፓምፑ መለስኩና መኪናዋ ሥር ገብቼ መስመሩን ከሰልባትዮው መውጫ ነቅዬ ጌጇን በዚያኛው የመስመሩ ጫፍ ላይ አሰርኳት። ያው ፓምፕ፣ ያው ሞተር። 3 ደርሳ ቀጥ አለች፣ ሞተሩ ሲጠፋ ወዲያው ዜሮ። በሁለቱ ጫፎች መካከል የሆነ ቦታ ይተነፍሳል። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ሲባል ለቤንዚንም እንደሚሠራ ማን አወቀ።

ከዚያ በኋላ ያለው የደቂቃዎች ሥራ ነበር። የብረቱን ቧንቧ ከሰልባትዮው ጋር የሚያገናኝ አንድ ስንዝር የማይሞላ የጎማ ቱቦ አለ፣ ከኋላው አክስል በላይ ተደብቆ። ሲያዩት ደህና ነው። ጠምዘዝ ሳደርገው ግን ጀርባው እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጠቀ፣ ቱቦውን የሚያጠብቀው ፋሸታም በእጅ ይዞር ነበር። አሮጌ ጎማ በተለይ ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ሲያገኝ ቶሎ ያረጃል። ሚኒሞ ላይ ሞተሩ የሚፈልገው ነዳጅ ትንሽ ስለሆነ ፓምፑ አየሩንም ነዳጁንም እየሳበ ይደርስበታል፤ ዳገት ላይ ጭነት ሲጨመር አይደርስበትም። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። ቱቦና ሁለት ፋሸታ። ጠርሙሱ ሞላ፣ ዳገቱ ላይ መርፌዋ ከ4 አልወረደችም።

ስለ ጌጇ ሌሎች ነገሮች። የማኒፎልድ ቫኪዩምም (ሞተሩ አየር ሲስብ የሚፈጥረውን) ታነባለች። ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሳይወዛወዝ ይይዛል። ሰዓቷ ላይ ቀለም ተቀብቷል፤ አረንጓዴው ደህና፣ ቢጫው ችግር ይላል። ቀለሙን አትመኑት። የተሠራው ባሕር ጠለል ላይ ላለ ሰው ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ 1 ኢንች ያህል ይቀንሳል፣ ስለዚህ 1500 ሜትር ላይ ያለ ሰው ከሚጠበቀው ቁጥር 5 ያህል ቀንሶ ያንብብ። አብሮ የሚመጣው ወረቀት ይህን አይናገርም። ወረቀቱ ራሱ ፊደሉ ጉንዳን ያክላል።

መገጣጠሚያዎቹም ደካማ ናቸው። የፕላስቲኩ ቲ በሁለተኛው ቀን ተሰነጠቀና ቤንዚን አንጠባጠበ፣ ሞተሩ ሞቆ ቢሆን ኖሮ ሌላ ታሪክ ነበር የምጽፈው። የናስ ቲ ገዝታችሁ ያንን ጣሉት። ከ5 ነጥብ 4 ብቻ የምሰጣት በዚህ ነው።

የማትሠራው ነገርም አለ። ጂግለር ተደፍኖ፣ ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ቀዳዳ ኖሮት ወይም ደረጃው ተዛብቶ ከሆነ ጌጇ 5 ብላ ትስቃለች። ለዚያ ካርቡሬተሩን መክፈት ግድ ነው።

አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ይህን ሁሉ ጣጣ ትተህ ከባለ ኢንጀክሽን መኪና ኤሌክትሪክ ፓምፕ አምጥተህ ግጠም ብሎኝ ነበር። እንዳትሰሙት። የዚያ ፓምፕ ግፊት ብዙውን ጊዜ 40 ፒኤስአይና ከዚያ በላይ ነው፤ የካርቡሬተር መርፌ 7 አካባቢ ሲያልፍ መያዝ ያቅተዋል፣ ቤንዚኑ ሞልቶ በትኩሱ ሞተር ላይ ይፈሳል። ኤሌክትሪክ ካማራችሁ ለካርቡሬተር ተብሎ የተሠራ ዝቅተኛ ግፊት ያለው ግዙ፣ ሞተሩ ሲጠፋ ፓምፑንም የሚያጠፋ መቁረጫ ጨምሩበት።

አሮጌውን ፓምፕ ደግነቱ አልጣልኩትም። ትናንት ከካርቶን አውጥቼ ጌጇን መግቢያው ላይ ሰካሁና ማንሻውን በእጄ እየገፋሁ ሞከርኩት። 11 ሳበ። እጄን ታጥቤ ስመለስ አሁንም 11 ላይ ነበር።