ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ጂኦግራፊ፦ የሐዋሳ 1፡50,000 ካርታና በየስቴሽነሪው የሚሸጠው ኮፒ

ሐዋሳ ውስጥ ለኢንትራንስ የሚዘጋጅ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ጂኦግራፊን የሚያጠናው በአብዛኛው ከመማሪያ መጽሐፉና ከአሮጌ ፈተናዎች ነው። ለንድፈ ሐሳቡ ይህ ይበቃል። የካርታ ንባብ ጥያቄ ሲመጣ ግን ጎበዙም ነጥብ ይጥላል፤ ኮንቱርን (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኘውን መስመር) የሚያውቀው መጽሐፉ ላይ ባለች ጥፍር በምታህል ሥዕል ብቻ ነዋ! ለዚህ የሚሆን መድኃኒት አለ፦ የሐዋሳና የአካባቢዋ 1፡50,000 ቶፖግራፊክ ካርታ፣ ማለትም የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ የሚያሳይ፣ 1 ሴንቲ ሜትሩ መሬት ላይ 500 ሜትር የሆነ ካርታ።

ያዘጋጀው ድሮ የካርታ ሥራዎች ድርጅት ይባል የነበረው ተቋም ነው፤ ሥራው ዛሬ በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሥር ስለሆነ ግዢው አዲስ አበባ ነው። አንዱ ሉህ በኬክሮስም በኬንትሮስም 15 ደቂቃ ይይዛል፤ መሬት ላይ በየጎኑ 27.6 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ወረቀቱ ላይ 55 ሴንቲ ሜትር ያህል ማለት ነው። ኮንቱሮቹ በ20 ሜትር ልዩነት የተሠሩ ሲሆን በየ100 ሜትሩ ወፍራም መስመር አለ። ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ከተማዋ 38 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ኬንትሮስ ጠርዝ ላይ ስለተጠጋች ወደ ወንዶ ገነት ያለው ዳገት የሚገኘው አጎራባቹ ሉህ ላይ ነው።

ለጥናት እንዲህ የሚመች መልክዓ ምድር በቀላሉ አይገኝም። ታቦር ተራራ ከሜዳ መሃል ብቻውን ስለቆመ ኮንቱሮቹ እርስ በርስ የተከበቡ ዝግ ቀለበቶች ናቸው። ሐይቁ ዳር ደግሞ መስመሮቹ በጣም ይራራቃሉ። የሐይቁ ወለል 1,680 ሜትር አካባቢ ነው፤ ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ከሰሜን ምሥራቅ ይገባበታል፣ ከሐይቁ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። ሰማያዊዎቹን መስመሮች በጣት እየተከተለ አቅጣጫቸውን ያየ ተማሪ ዝግ ተፋሰስ ምን እንደሆነ መሸምደድ አያስፈልገውም። ሐይቁ የተኛበት የሐዋሳ ካልዴራም (እሳተ ገሞራ ተደርምሶ የፈጠረው ሰፊ ጎድጓዳ) ሆነ በስተሰሜን ያለው የኮርቤቲ እሳተ ገሞራ ለ12ኛ ክፍሉ የፕሌት ቴክቶኒክስ ትምህርት ሕያው ምሳሌ ናቸው።

አሁን ወደ ኮፒው እንምጣ። በየትምህርት ቤቱ አካባቢ በርካሽ የሚሸጠው ባለ አንድ ገጽ ጥቁርና ነጭ ኮፒ ለስሌት አይሆንም፤ አትግዙት። ቀለሙ ሲጠፋ ቡናማው ኮንቱርና ሰማያዊው ጅረት አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናሉ። ከዚያ የባሰው ስኬሉ ነው። ከኤ3 ወደ ኤ4 ሲቀነስ ማሽኑ ርዝመቱን ወደ 71 በመቶ ያወርደዋል፤ ግርጌ ላይ ግን አሁንም «1፡50,000» ተብሎ ይነበባል። እውነተኛው ስኬል 1፡70,000 ገደማ ሆኗል። ኮፒው ላይ 6 ሴንቲ ሜትር የለካ ተማሪ 3 ኪሎ ሜትር ነው ይላል፤ መሬት ላይ ያለው ግን 4.2 ነው። የቦታ ስፋት ሲያሰላማ ግማሹን ያጣል። ማጣሪያው ቀላል ነው፦ አንዱን የግሪድ ሳጥን፣ ማለትም ካርታው ላይ ከተሰመሩት ባለ 1 ኪሎ ሜትር አራት ማዕዘኖች የአንዱን ጎን፣ በማስመሪያ ለኩ። ድፍን 2 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ደህና ነው፤ 1.4 ከሆነ ተቀንሷል። አብሮ የተቀነሰው የስኬል ባር ብቻ ነው እውነቱን የሚናገረው፤ እሱንም ብዙ ጊዜ ከኅዳጉ ጋር ይቆርጡታል።

ዋናውን ይዞም ቢሆን ግራዲየንት (የከፍታ ልዩነት ለርቀት ሲካፈል የሚገኘው የዳገት ልክ) ላይ የሚሳሳት ብዙ ነው። ከ1,700 ሜትር መስመር እስከ 1,820 ሜትር መስመር ድረስ ቁጠሩ፦ መስመሮቹ 7 ናቸው፣ ክፍተቶቹ ግን 6። በ20 የሚባዛው ክፍተቱ ስለሆነ ልዩነቱ 120 ሜትር ነው፤ መስመር የቆጠረ 140 ይላል። በካርታው ላይ ርቀቱ 3 ሴንቲ ሜትር ቢሆን መሬት ላይ 1,500 ሜትር ነው። 120 ለ1,500 ሲካፈል 1፡12.5፣ ወይም 8 በመቶ። ሌላው የተለመደ ስሕተት ከፍታውን በሜትር ትቶ ርቀቱን በኪሎ ሜትር ማስገባት ነው።

ድክመቱም መነገር አለበት። አሮጌው እትም ላይ ከተማዋ ትንሽ ናት፤ በ2008 ዓ.ም. የተመረቀውን የኢንዱስትሪ ፓርክ አትፈልጉበት። ከስልክ የሳተላይት ምስል ጋር አስተያይቶ ለውጡን መመዝገብ ግን ራሱን የቻለ ጥሩ መልመጃ ነው። የስልክ ጂፒኤስ ቁጥርን በቀጥታ ካርታው ላይ ማስፈር ደግሞ ያሳስታል፦ አሮጌዎቹ ካርታዎች አዲንዳን በሚባለው ዴተም (የቦታ ቁጥሮች የሚለኩበት መነሻ ሥርዓት) የተሠሩ ናቸው፣ ስልክ የሚጠቀመው ደብሊው ጂ ኤስ 84 ነው፣ ልዩነቱም ከ200 ሜትር ይበልጣል። ካርታው ላይ 4 ሚሊ ሜትር ያህል መሆኑ ነው።

ዋናውን አራት አምስት ሆኖ ገዝቶ በጋራ ማጥናት ከሁሉ ይሻላል፤ በእርሳስ ብቻ ይሠራበት፣ ሲታጠፍ እጥፋቱ ታቦር ላይ እንዳያርፍ። አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ያልቻለ ዋናውን ካለው ሰው ተውሶ በቀለም፣ ሳይቀነስ፣ በ100 በመቶ ኤ3 ላይ ያስነሳ። ወረቀቱ ቁመቱ ወደ ሰሜን ሲሆን 21 በ15 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚይዝ ከተማዋና አብዛኛው ሐይቅ ይገቡበታል። የስኬል ባሩንና የምልክት መግለጫውንም በዚያው መጠን አስነስቶ ከሥሩ ይለጥፍ።