ለጥርስ ሙሌት ዕድሜ፦ ክሎርሄክሲዲን ወይስ የወይን ዘር?

ጅማ ላይ የጎረቤቴ የጥርስ ሙሌት ሁለት ዓመት ሳይሞላው ቡና ስትጠጣ ተነቅሎ ሲኒዋ ውስጥ ወደቀ። አሳዘነችኝ። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚደክመው ማጣበቂያው ነው፤ ጥርሱ ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ማጣበቂያው የያዘውን ኮላጅን፣ ማለትም የጥርሱን ክር መሰል ፕሮቲን፣ ቀስ በቀስ ይበሉታል።

ክሎርሄክሲዲን የተባለው ፀረ ተህዋስያን መድኃኒት በ2 በመቶ መጠን ከማጣበቂያው በፊት ሲቀባ ኢንዛይሞቹን ይገታል። ርካሽ ነው፤ ግን ከኮላጅኑ ጋር ጠብቆ ስለማይተሳሰር እያደር ታጥቦ ይወጣል።

ከወይን ዘር የሚወጣው ፕሮአንቶሲያኒዲን ኢንዛይሙን ከመግታት አልፎ የኮላጅኑን ክሮች እርስ በርስ ያስራል፤ ቆዳ በዛፍ ቅርፊት ሲለፋ እንደሚጠነክረው ማለት ነው። እኔን የማረከኝ ይህ ነው። እክሉ ጥርሱን ማጠየሙ ነው፤ ማጣበቂያው ውስጥ ሲበዛም በብርሃን እንዳይደርቅ ያውከዋል። ለፊት ጥርስ አልደፍረውም። ለመንጋጋ ግን ልቤ ወደ ወይኑ ያደላል።