ጥልቁ ባሕር ውስጥ ማን ይወርዳል? ጠላቂ ወይስ ማሽን?

ደሴ ቡና ላይ ወሬው ሲነሳ፣ "ወታደሮች በድብቅ ሺህ ሜትር ይጠልቃሉ" የሚል አይጠፋም። እኔ አላምንም።

የኛው የሐይቅ ከተማ ሐይቅ ጥልቀት 88 ሜትር ገደማ ነው። ውሃ ውስጥ በየ10 ሜትሩ አንድ የከባቢ አየር ግፊት ይጨመራል። ኮሜክስ የተባለው የፈረንሳይ የጠለቃ ኩባንያ ጠላቂዎች በ1988 እ.ኤ.አ. ባሕር ውስጥ የደረሱት 534 ሜትር ነው። ለዚያውም ሃይድሮጂን የተቀላቀለበት ልዩ ጋዝ እየተነፈሱ፣ ሲመለሱም ግፊቱ ቀናት ወስዶ ቀስ በቀስ እየተቀነሰላቸው። ሰውነት ደግሞ ወታደራዊ ምስጢር አያውቅም።

ማሽን ሌላ ነው። ትሪየስት የተባለችው የጥልቅ ባሕር መጥለቂያ በ1960 እ.ኤ.አ. ሁለት ሰዎች ይዛ ወደ 11 ሺህ ሜትር ተጠግታለች። ግፊቱን የቻለው ወፍራሙ ብረት ነው።

ምስጢሩማ ነበር። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠላቂዎች ከሰርጓጅ መርከብ ወጥተው ኦኮትስክ ባሕር ውስጥ የሶቪየትን የስልክ ገመድ ጠልፈዋል። ጥልቀቱ ግን 120 ሜትር ገደማ ብቻ ነበር።