ካምቢዮው ሳይወርድ፦ ያገለገለች ማዝዳ ሚያታ ከገዛሁ በኋላ

ያገለገለ ስፖርት መኪና ለመግዛት የሚያስብ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ፈረስ ጉልበትና ስለ ፍጥነት ነው። እኔ ግን ሌላ ጥያቄ እንዲያስቀድም እለምነዋለሁ፤ ይህ መኪና ሲያረጅ የት የት ይበላሻል? የሚበላሸው ቦታ እጅ ያስገባል? ዕቃውስ በስንት ይገኛል? እ.ኤ.አ. በ1995 የተሠራች ማዝዳ ሚያታ እዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ ገዝቼ መንዳት ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረችኝ ግን መኪናዋ ራሷ ሳትሆን ዋጋዋ ከአንድ ስኒ ቡና የማይበልጥ የጎማ ቀለበት ናት።

መኪናዋን በአጭሩ ላስተዋውቅ። ሁለት ወንበር፣ በእጅ የሚታጠፍ የሸራ ጣሪያ፣ 1.8 ሊትር ሞተር፣ 128 የፈረስ ጉልበት፣ ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ አላት፤ የምትገፋው በኋላ እግሯ ነው። ክብደቷ ከአንድ ቶን ብዙም አይዘልም። የፊት መብራቶቿ ማብሪያው ሲነካ ከኮፈኑ ውስጥ ብቅ ይላሉ። አሌክሳንድሪያ አካባቢ ከሚኖሩ አንድ ጡረተኛ በ5,800 ዶላር ገዛኋት። ዘመድ ወዳጅ አልወደደልኝም። «በዚህ ገንዘብ ደህና ካምሪ ታገኝ ነበር» ያለኝ አለ፤ «ልጆቹ የት ሊቀመጡ ነው?» ያለኝ አለ፤ «ሠላሳ ዓመት የሆነው መኪና ገንዘብ ይበላል እንጂ አይነዳም» ያለኝም አለ። ለሁለቱ መልስ ነበረኝ። የቤተሰብ መኪና በር ላይ ቆሟል፤ ይህቺ የእኔ ናት። ለዓመታት ቅዳሜና እሁድ ሳይለይ ሠርቶ ያጠራቀመ ሰው ከገንዘቡ ጥቂቱን በሚወደው ነገር ላይ ቢያውል ማንም ሊቆጣው አይገባም። ሦስተኛው አስተያየት ግን ሆዴ ውስጥ ቀርቶ ነበር።

እናም አንድ ቀን ጠዋት መኪናዋ የቆመችበት ሲሚንቶ ላይ ጥቁር የዘይት ነጠብጣብ አየሁ።

የሚያታን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ያ ነጠብጣብ ለምን እንዳስደነገጠኝ ይገባዋል። እንግሊዞች በ1960ዎቹ እንደ ኤምጂ፣ ትራያምፍና ሎተስ ኤላን ያሉ ትናንሽ ክፍት መኪኖች ይሠሩ ነበር። ሰው ይወዳቸው ነበር፤ ግን ዘይት በማንጠባጠብና ኤሌክትሪካቸው በመክዳት የታወቁ ነበሩ። ቦብ ሆል የሚባል አሜሪካዊ የመኪና ጋዜጠኛ በ1970ዎቹ መጨረሻ ለማዝዳ ሰዎች ያቀረበው ሐሳብ የእነዚያን መኪኖች ደስታ ይዞ ጣጣቸውን የተወ ቀላል መኪና እንዲሠሩ ነበር። ኋላም ራሱ ማዝዳ ገባ። በቶሺሂኮ ሂራይ መሪነት የተሠራችው መኪና በ1989 በቺካጎ የመኪና ትርዒት ለሕዝብ ታየች፤ በ2016 አንድ ሚሊዮንኛዋ ተመረተች። መሐንዲሶቹ ይፈልጉት የነበረው ፈረሰኛና ፈረስ አንድ አካል ሲሆኑ የሚሰማውን ስሜት ነው። መሪዎቹን በፈረሳቸው ስም አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው እያለ ሲጠራ የኖረ ሕዝብ ልጅ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ መሪውን ይዞ አንድ መታጠፊያ ማለፍ ይበቃዋል። እንግዲህ እኔ የገዛሁት «ዘይት የማታንጠባጥበውን» መኪና ነበር፤ እሷም ታንጠባጥብ ጀመር።

ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ባለሙያው ከሥር አየ፤ ዘይቱ የሚወርደው ሞተሩና ካምቢዮው ከሚጋጠሙበት ቦታ ነው። ፍርዱ ፈጣን ነበር፤ የሞተሩ ዋና ዘንግ የኋላ ዘይት መያዣ ጎማ አልቋል፤ እሱን ለመቀየር ካምቢዮው መውረድ አለበት፤ ካምቢዮው ከወረደ ደግሞ ፍሪሲዮኑም አብሮ ቢቀየር ይሻላል፤ ሁሉም በ1,600 ዶላር ያልቃል። እንግዲህ ያ ገንዘብ ከመኪናዋ ዋጋ አንድ አራተኛ በላይ ነው። ወደ ቤት ስመለስ ያ «ገንዘብ ይበላል እንጂ አይነዳም» ያለኝ ዘመድ ጎኔ የተቀመጠ ያህል ይሰማኝ ነበር።

ግን እጄን አልሰጠሁም። አዲስ አበባ ውስጥ ፊያትና ቮልስዋገን ሲጠግኑ የኖሩ፣ አሁን እዚህ ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ አንድ የሰፈራችን አባት አሉ። ቅዳሜ ጠዋት ደጃቸው ወሰድኳትና የተባልኩትን ነገርኳቸው።

«ጋሼ፣ ካምቢዮው ሳይወርድ አይሆንም ብለውኛል» አልኳቸው።

«ዘይት ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው ልጄ። ከታች ሆኖ ያየ ሰው የት እንደ ጀመረ በምን ያውቃል? እስቲ ኮፈኑን ክፈተው» አሉ።

ባትሪ መብራት ይዘው ሞተሩ ላይ ጎንበስ አሉ። ከሞተሩ ራስ በስተኋላ፣ ሞተሩን ከሾፌሩ ክፍል ከሚለየው የብረት ግድግዳ ጋር ሊነካካ ምንም ያልቀረው፣ የቡጢ መጠን ያለው ክብ ነገር አለ። ቫልቮቹን የሚከፍተው የካም ዘንግ የት እንደ ደረሰ ለኮምፒውተሩ የሚናገር ሴንሰር ነው። በመጀመሪያው የሚያታ ትውልድ ሴንሰሩ ከሞተሩ ጋር የሚገጠምበትን ቦታ የምትደፍን አንዲት የጎማ ቀለበት ናት። ሙቀት ለዓመታት ሲጠብሳት ትደርቃለች። ዘይቱም በሞተሩ ጀርባ ቀስ ብሎ ወርዶ የካምቢዮውን ቤት ያረጥብና ልክ ከዋናው ዘንግ ጎማ የወጣ መስሎ ይንጠባጠባል። ጋሼ አንድ ጣታቸውን ከሴንሰሩ ሥር ሰድደው አወጡት፤ ጥቁር ዘይት ይዞ ወጣ። ምንም አላሉም፤ ጣታቸውን አሳዩኝ።

ሥራውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ እሳቸው አጠገቤ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይመሩኝ ነበር። መጀመሪያ ሴንሰሩና ሞተሩ ላይ በነጭ ቀለም አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስመሩኝ። ምክንያቱም ሴንሰሩ ትንሽ እንኳ ዞሮ ከተገጠመ የካንዴላው እሳት የሚነሳበት ጊዜ ይዛባል። ከዚያ የኤሌክትሪክ ሶኬቱን ነቀልኩ። ሴንሰሩን የያዘው አንድ ብሎን ብቻ ነው፤ 12 ቁጥር ቁልፍ ይፈልጋል። ቦታው ጠባብ ስለሆነ በዓይን አይታይም፤ እጅ ነው የሚያየው። ቁልፉ ሲይዝልኝ፣ ሲያመልጠኝ፣ የእጄ ጀርባ ሲላጥ ቆይቶ በመጨረሻ ላላ። ሴንሰሩን ወደ ኋላ ሳብ ሳደርገው ወጣ። አሮጌዋ ቀለበት አንገቱ ላይ ነበረች፤ ክብነቷ ጠፍቶ ጠፍጣፋ ሆናለች። በጥፍሬ ላነሳት ስሞክር ቀጭ ብላ ለሁለት ተሰበረች። አዲሷን ዘይት ቀብቼ አስገባኋት፤ መስመሩን ከመስመሩ አገጣጠምኩ፤ ብሎኑን አጠበቅሁ። ከዚያ በጎን ባለችው የመመርመሪያ ሳጥን ውስጥ ሁለቱን ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኝተን እሳቱ የሚነሳበትን ጊዜ በሚያሳየው ታይሚንግ መብራት አየን፤ ፋብሪካው የሚያዘው 10 ዲግሪ ላይ ነው። የሞተሩን ጀርባ በደንብ አጥበን ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ይህ ከሆነ ወራት አልፈዋል። ሲሚንቶው ደረቅ ነው። በቨርጂኒያ በየዓመቱ የሚደረገውን የደኅንነት ምርመራም ምንም ሳይባልባት አልፋለች።

አሁን ከዚያ የጋራዥ ባለሙያ ጋር በልቤ ስከራከር እውላለሁ። ዋሽቷል አልልም፤ የኋላው ዘይት መያዣ ጎማም ያልቃል፣ ዘይቱም እዚያው ነው የሚታየው። ግን ካምቢዮ ከማውረድ በፊት ባትሪ መብራት አብርቶ ከላይ ማየት ስንት ደቂቃ ይወስዳል? የጎማ ቀለበቷ ጉዳይ ሚያታ የያዘ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። መኪናዋን ሳያውቅ ዋጋ የሚቆርጥ ሰው ጋ ያገለገለ ስፖርት መኪና መውሰድ ልክ አይደለም። ከሁሉ በላይ የማልስማማው ግን ከመኪና ሻጮች ጋር ነው። «ስፖርት መኪና ከፈለግህ ጀርመን ሥሪት ውሰድ፣ ይህቺ መጫወቻ ናት» የሚል ሻጭ ሰምቻለሁ። እስቲ ያ ሻጭ ከሚያሞግሳቸው መኪኖች መካከል በአንድ ቁልፍ፣ ደጃፍ ላይ፣ በአንድ ቅዳሜ እንዲህ ያለ ጭንቀት የሚገላግል ያሳየኝ። የመኪና ክብር ሲገዛ በሚከፈለው ገንዘብ አይለካም። አዲስ ሳለ ውድ የነበረ መኪና ሲያረጅ የመግዣ ዋጋው ይወድቃል እንጂ የመለዋወጫው ዋጋ አይወድቅም፤ ርካሽ አገኘሁ ብሎ የገባበትን ሰው የሚያስለቅሰውም ይኸው ነው።

ሚያታ ለመግዛት ለሚያስብ ያየሁትን ልናገር። ከ1990 እስከ 1991 አጋማሽ ድረስ ከተሠሩት ባለ 1.6 ሊትር ሞተሮች ላይ የዋናው ዘንግ አፍንጫ፣ ማለትም የፊት ጫፉ፣ አጭር ነው፤ እዚያ ላይ የተሰካው ቀበቶ አዟሪ ፑሊ እየተወላወለ ዘንጉን ሊበላው ይችላል። ፑሊው ላይ ያሉትን ክፍተቶች ቁጠሩ፤ አራት ከሆኑ አጭሩ ነው፣ ስምንት ከሆኑ ረጅሙ ነው። ከዚህ በላይ የሚያስፈራው ዝገት ነው። ከሸራው ጣሪያ የሚወርደውን ዝናብ ወደ ውጭ የሚያስወጡ ሁለት ቱቦዎች ከወንበሮቹ ኋላ በግራና በቀኝ አሉ። ቅጠልና አቧራ ከደፈናቸው ውሃው ከበሩ ሥር ባለው ብረት ውስጥ ይተኛና ከውስጥ ወደ ውጭ ያዝገዋል። ስለዚህ ከኋላ ጎማ ፊት ለፊት ያለውን የታችኛውን ጠርዝ በእጃችሁ ዳስሱ፤ እብጠት ካገኛችሁ ጥላችሁ ሂዱ፤ ቀለሙ ቢያብረቀርቅም አትመልከቱት። እዚህ በክረምት መንገድ ላይ ጨው ስለሚበተን እኔ በረዶ በጣለ ሰሞን አላወጣትም። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ ከላይ የሚሰማው ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ አያስደንግጣችሁ፤ ሲሞቅ ይጠፋል። ፍሪሲዮኑን የሚገፋው ታችኛው ሲሊንደር ቶሎ ያልቃል፤ ርካሽ ነው፤ የእኔም ተቀይሯል። ጣሪያውን ከማጠፋችሁ በፊት የኋላውን የፕላስቲክ መስኮት ዚፕ ክፈቱ፤ አለበለዚያ ይሰነጠቃል። ዋናውን ዘንግና የካም ዘንጎቹን አብሮ የሚያዞረው ቀበቶ፣ ታይሚንግ ቤልቱ፣ በየ60,000 ማይል ይቀየራል። ቢበጠስ እንኳ በዚህ ሞተር ላይ ቫልቭና ፒስተን አይጋጩም፤ ሌሎች ብዙ መኪኖች ላይ ግን ሞተሩን ይጨርሰዋል።

ስለ መንዳቱ ብዙ አልልም። በየቀኑ ሥራ አድርሳ ትመልሰኛለች። አውራ ጎዳና ላይ በሰዓት 70 ማይል ስትሄድ ሞተሯ ወደ 3,500 ዙር ይመታል፤ ከሸራው ጩኸት ጋር ተደምሮ ስልክ ማውራት አይቻልም። ረጅም ሰው ይጨናነቃል። ሼናንዶዋ ተራሮች ላይ ያለውን የስካይላይን መንገድ ግን ሂዱና ጣሪያዋን ከፍታችሁ ንዱት። የፍጥነት ወሰኑ 35 ማይል ነው፤ በዚያ ፍጥነት ከመታጠፊያ ወደ መታጠፊያ ማርሽ እየቀየሩ መሄድ በብዙ ትላልቅ መኪኖች አሰልቺ ነው፤ በዚህች ግን ወገብ ድረስ የሚሰማ ደስታ ነው። ለዚህ ነው 128 የፈረስ ጉልበት የሚበቃኝ።

አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ ፎቶዋን አይቶ ላክልኝ ብሎኝ ነበር። በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች ወደ አገር ቤት እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ይህ የሚታሰብ አይደለም። ባይከለከልም ኖሮ አልሰጠውም ነበር፤ እሱም ያውቃል።

በቅርቡ አንድ ሰው ነዳጅ ማደያ ላይ አግኝቶኝ 9,000 ዶላር ልስጥህ አለኝ። ሦስት ጊዜ ጨመረልኝ። ቤት ስገባ ባለቤቴ ሽጣት አላለችም፤ «ስንት ደረሰ?» ብቻ ብላ ጠየቀችኝ። እኔ የመኪናዋን ዋጋ ከምሰማ ይልቅ የታይሚንግ ቤልቷን ዋጋ ባውቅ ይሻለኛል። ቤልቱንና የውሃ ፓምፑን አዝዣለሁ፤ የሞተሩን የላይኛው ክዳን ጓርኒሲዮንም ጨምሬበታለሁ፤ ጋሼም የፊታችን ቅዳሜ በጠዋት አምጣት ብለውኛል።