ቴርሞስታቴን በድስት ቀቅለው ለመረመሩልኝ ጋሼ

ጎንደር ውስጥ መኪና የምትነዱ ሁሉ አንብቡልኝ። በተለይ «ቴርሞስታት ለእኛ አገር አያስፈልግም፣ አውጥተህ ጣለው» የተባላችሁ። ቴርሞስታት ማለት የሞተሩ ውሃ ወደሚቀዘቅዝበት ራዲያተር የሚያልፍበትን መንገድ እንደ ሙቀቱ የምትከፍትና የምትዘጋ ትንሽ እቃ ናት።

መጀመሪያ ስለ ስም። ባለሙያውን በስማቸው ባመሰግን ደስ ባለኝ። እሳቸው ግን «የያዝሁት ስራ አላለቀልኝም፤ ፌስቡክ ላይ ካወጣኸኝ ሁለተኛ መኪናህን አልነካም» ብለውኛል። ስለዚህ ጋሼ እያልሁ እቀጥላለሁ። ስራ ቦታቸው ከፒያሳ ወደ አዘዞ ስትወርዱ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ይላል። ታፔላ የለውም። አድራሻውን የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።

መኪናዬ ኮሮላ ናት፣ በፈረንጆች 1998 የተሰራች። ከክረምቱ በፊት ሙቀት ጀመራት። ዳገት ስትይዝ የሙቀት ጌጁ ከመሀል ከፍ ይላል፣ ሜዳ ላይ ይመለሳል። ቅርቤ ላለ ጋራዥ ሰጠኋት። የትኛው እንደሆነ አልጽፍም፤ ልጆቹ ክፋት አልነበረባቸውም። አንደኛው ኮፈኑን ከፍቶ አስር ደቂቃ ሳይሞላው ቴርሞስታቱን ነቅሎ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። «ይቺ ለበረዶ አገር የተሰራች ናት። ውሃውን ዘግታ ይዛ ነው ሞተሩን የምታሞቅብህ። ያለሷ ትነዳለህ» አለኝ። አመንሁት። ምን አውቄ! እቃ መጣል ስለማልወድ ግን በፌስታል ጠቅልዬ ዳሽቦርዱ ውስጥ ከተትኋት።

ለአንድ ሳምንት ደስ ብሎኝ ነዳሁ። ጌጁ ከታች፣ ከ«ሲ» (ከቀዝቃዛው) ፊደል ንቅንቅ አይልም። ሞተር ቀዘቀዘ ማለት ጤና ማለት መስሎኝ። ቤንዚን ግን ትጠጣ ጀመር። ጠዋት ስትነሳ ረጅም ሰዓት እየጮኸች ትቆያለች። አንድ ቀን የዘይት መክደኛዋን ስከፍት ከስሩ እርጎ የመሰለ ነጭ ነገር ተለጥፎበት አገኘሁ። ጠርጌው ከደንሁት። እንዲህ ነኝ እኔ።

ጉዱ የመጣው እማዬን ይዤ ለልቅሶ ወደ ዳባት ስወጣ ነው። ማለዳ ነው፤ የወገራን ብርድ ደግሞ ታውቁታላችሁ። እማዬ ጋቢዋን ተከናንባ «እስቲ ማሞቂያውን ክፈትልኝ» አለች። ከፈትሁት። ቀዝቃዛ አየር! ዘጋሁት። የኮሶዬን ዳገት ስንያያዘው ያ ተኝቶ የከረመው ጌጅ ተነሳ። መሀሉን አለፈ። ወደ «ኤች» (ወደ ሙቁ ጫፍ) ገሰገሰ። ዳር ይዤ ስቆም ከኮፈኑ ስር እንፋሎት ይንፋለላል። እማዬ ወጥታ አየችና «ልጄ፣ እኛ በብርድ እየተንቀጠቀጥን መኪናህን ምን አሞቃት?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ክዳኑን ሳልነካ (ትኩስ ራዲያተር መክፈት ፊት ያስጠብሳል፣ ይህን እንኳ አውቃለሁ) ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅን፣ ውሃ ሞላን፣ እየተንፏቀቅን ደረስን።

ስመለስ አንድ የሚኒባስ ሹፌር ጋሼን ጠቆመኝ። ከመሄዴ በፊት ብልጥ ሆኜ አዲስ ቴርሞስታት ገዛሁ። ካርቶኑ «ጃፓን» ይላል።

ጋሼ ኮፈን አላስከፈቱኝም። ቁጭ በል አሉኝና ጠየቁኝ። የምትሞቀው ቆመህ ነው እየሄድህ? ዳገት ላይ ወይስ ሜዳ ላይ? ማሞቂያው ይሞቃል? ውሃ ትጨምራለህ? በስንት ቀን? ሐኪም እንኳ እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም። የእማዬን ጥያቄ ስነግራቸው «እናትህ መካኒክ ናት» አሉና «ያወጡልህን ጥለኸው ይሆን?» አሉኝ። ፌስታሉን አወጣሁ። ሳቁ።

አጠገባቸው ቡና የምታፈላ እህት አለች። ጋሼ ትንሽ ብረት ድስት ውሃ ሞልተው ከሰሏ ላይ ጣዱ። አሮጌውንም አዲሱንም ቴርሞስታት ቫልቫቸው ላይ ክር አስነከሷቸው። ክሮቹን ድስቱ ላይ በተጋደመ ሽቦ አሰሩና ሁለቱንም ውሃው ውስጥ አንጠለጠሏቸው፣ የድስቱን ቂጥ ሳይነኩ። ቴርሞሜትር ጨመሩ። «ውስጡ ሰም ነው ያለው» አሉኝ። «ሰሙ ሲሞቅ ይቀልጥና ያብጣል፣ ዘንጓን ይገፋል፣ በሩ ይከፈታል። ሲቀዘቅዝ ስፕሪንጉ ይመልሰዋል። በሩ የተከፈተ ጊዜ ክሩን ይለቀዋል።» እኔ እስከዚያ ቀን በኤሌክትሪክ የሚሰራ ይመስለኝ ነበር። ለካ ጧፍ የሚሰራበት የሰም ዘመድ ነው መኪናዬን የሚያስተዳድራት።

ሶስታችን፣ ባለቡናዋም ጭምር፣ ድስት ላይ አፍጥጠን ቆምን። አሮጌው ላይ 82 የሚል ቁጥር ተቀርጿል። ቴርሞሜትሩ 82ን ገና አለፍ ሲል፣ ጠብ! ክሩን ለቆ ወደቀ። አዲሱ ተንጠልጥሏል። 85። 88። 90። አሁንም ተንጠልጥሏል። ውሃው ተንተክትኮ ፈላ፤ እሱ እንደተዘጋ ነው። ጋሼ በፒንሳ አወጡትና ከነካርቶኑ መለሱልኝ። «ይህን ብገጥምልህ ኖሮ ሞተርህን ትጠብሰው ነበር።» ምንም አልጨመሩም።

እኔ ግን ዓይኔ ቴርሞሜትሩ ላይ ነው። ውሃው የፈላው 93 ላይ ነው። «ውሃ 100 ላይ አይደል የሚፈላ?» አልሁ። «እሱ የምጽዋ ነው» አሉኝ። ጎንደር ከባህር ወለል ከ2100 ሜትር በላይ ናት። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ በየ300 ሜትሩ ውሃ አንድ ዲግሪ ያህል ቀድሞ ይፈላል። ከጎንደር ከፍ በሚለው ወገራ ላይ ደግሞ የሚፈላበት ከዚህም ዝቅ ይላል። «ጎንደር ላይ ድስት ውስጥ 100 የሚያሳይ ቴርሞሜትር ካየህ ውሸታም ነው።» በነገራችን ላይ ደህናው ቴርሞስታት እስከ መጨረሻው የሚከፈተው 95 አካባቢ ስለሆነ እዚህ ክፍት ድስት ውስጥ ሙሉ ክፍቱን ማየት አይቻልም። መጀመሩን ነው የሚያዩት።

ታዲያ ቴርሞስታቱ ደህና ከሆነ መጀመሪያ ያሞቃት ምንድን ነው? ጋሼ የራዲያተሩን ክዳን ገልብጠው አሳዩኝ። ላስቲኩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ስፕሪንጉን በአውራ ጣታቸው ሲጫኑት እንደ ሊጥ ሰጠመ። ክዳኑ ላይ 0.9 የሚል አለ፤ ግፊት ነው፣ በባር። ደህና ክዳን ያን ያህል ግፊት እስኪሞላ አፉን አይከፍትም። በዚያ ግፊት ንጹህ ውሃ እንኳ እዚሁ ጎንደር ላይ እስከ 114 ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። የኔ ክዳን ግን ግፊት አይዝም። ራዲያተሩ ክዳን እንደሌለው ድስት ሆኗል ማለት ነው። ራዲያተሩን የሚያናፍሰው ቬንትሌተር ደግሞ በዚህ ሞተር የሚነሳው 93 አካባቢ ላይ ነው። «ቬንትሌተሩ ልነሳ ሲል ውሃህ ፈልቶ አልቋል» አሉኝ።

እሺ፣ ቴርሞስታቱ ከወጣ በኋላስ ለምን ባሰባት? እዚህ ላይ አሮጌዋን አንስተው ከኋላ ያለችውን ትንሽ ዝርግ ብረት አሳዩኝ። የፊተኛው በር ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ሲከፍት፣ የኋላዋ ብረት አጭሩን መንገድ ትዘጋለች። አጭሩ መንገድ ማለት ውሃው ራዲያተሩን ሳያይ ወደ ሞተሩ የሚመለስበት ነው፤ ሞተር ገና ሲሞቅ የሚያገለግል። ልጁ ነቅሎ ሲያወጣት አጭሩ መንገድ ሁልጊዜ ክፍት ቀረ። ሜዳ ላይ አይታወቅም፤ ሞተሩ ስራ ስለማይበዛበት እንዲያውም ከልክ በላይ ይቀዘቅዛል። ኮምፒውተሯ ገና ጠዋት ነው ብላ ቤንዚን ታበዛለች። ያ እርጎ የመሰለውም ዘይቱ ስላልሞቀ ያልተነነ እርጥበት ነው። ዳገት ላይ፣ ውሃው በሙሉ በራዲያተር ማለፍ ሲኖርበት ግን ከፊሉ በአቋራጭ ይመለሳል። ሁሉም ሞተር እንዲህ አይደለም አሉ። የኔዋ ናት።

አሮጌዋን ቴርሞስታት መልሰው ገጠሙ፣ የላስቲክ ቀለበቷን ብቻ ቀይረው። ጠርዟ ላይ ያለችውን ቅልቅል የምትል ፒን ወደ ላይ አደረጓት፤ አየር የሚያመልጥባት ናት። ክዳኑን በአዲስ ቀየሩ። ኩላንት (የራዲያተር ፈሳሽ) ከንጹህ ውሃ ጋር እኩል ለእኩል በጥብጠው በቀስታ ሞሉ። የፊት ጎማዎቹን ከፍ ያለ ቦታ ላይ አስወጡ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ከፈቱ፣ ቬንትሌተሩ ሁለት ጊዜ ተነስቶ ሁለት ጊዜ እስኪቆም ተቀምጠው ጠበቁ። ቡና በመሀል መጣ። የእጅ 500 ብር ብቻ ተቀበሉኝ። ጨምሬ ብሰጥ «ለባለቡናዋ ስጣት፣ ከሰሉ የሷ ነው» አሉ።

የሸጠልኝ ሱቅ አዲሱን አልቀበልም አለ። «ተቀቅሏል» አሉኝ። ምን ልመልስ?

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጋሼ ፈጣን አይደሉም። ስልክ አያነሱም። እሁድና በዓል አይሰሩም፣ የጎንደርን በዓል ብዛት ደግሞ አትጠይቁኝ። አውቶማቲክ ካምቢዮ ሲመጣባቸው «እኔ ጋ አይደለም» ብለው ወደ ሌላ ይልካሉ። ይህን ይህን እኔ ከጥሩነታቸው ነው የቆጠርሁላቸው። ስትሄዱ ማለዳ ሂዱ፣ መኪናዋን አቁማችሁ እስክትቀዘቅዝ ጠብቁ። የተነቀለ እቃ ካላችሁ ይዛችሁት ሂዱ። ጋሼ፣ ይህን ሰው ካነበበልዎ፣ እጅዎ ይባረክ። እድሜ ይስጥልኝ።

ባለፈው ሳምንት ለአርባው ተዝካር እማዬን ይዤ እንደገና ዳባት ወጣሁ። ኮሶዬን ስንወጣ ጌጁ ከመሀል ዝቅ ብሎ ቁጭ አለ። ዓይኔን ከሱ መንቀል አልቻልሁም። እማዬ ማሞቂያውን አስከፈተችኝ። አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ጋቢዋን አውልቃ «ኧረ ዝጋልኝ፣ አቃጠለኝ» አለች።