ባለ ሐምራዊ ክዳኑ ትንሽ የኢዲቲኤ ቲዩብ፦ ለአይጠመጎጥ ይሄዳል፣ ለአይጥ አይሆንም

ከ250 እስከ 500 ማይክሮ ሊትር የሚይዘው ይህ ቲዩብ በዋናነት የሚያገለግለው ከጣትና ከሕፃናት ተረከዝ ለሚወሰድ ደም ነው። ደብረ ብርሃን ላይ አንድ አዲስ ፀረ ቫይረስ በእንስሳ ደም ውስጥ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ለሚለካም ያገለግላል፣ ግን ጠባዩን ላወቀ ብቻ።

ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ኬሚካል፣ ኢዲቲኤው፣ ግድግዳው ላይ በደረቁ የተረጨ ስለሆነ ደሙን አያቀጥንም። ከ8 እስከ 10 ጊዜ ቀስ ብሎ መገልበጥ ይበቃል፤ የናጠው ሰው ቀይ ሴሎችን ሰብሮ ሮዝ ፕላዝማ (የደሙን ፈሳሽ ክፍል) ይቀበላል።

ጣጣው ከልኩ ይጀምራል። 250 ግራም አይጠመጎጥ 16 ሚሊ ሊትር ያህል ደም አለው፤ ሳይጎዳ ሊቀዳለት የሚችለው አሥር በመቶው፣ ማለትም 1.6 ሚሊ ሊትር ነው። በ5፣ 15 እና 30 ደቂቃ፣ ከዚያ በ1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 24 ሰዓት እየቀዱ ትንሹን 250 ማይክሮ ሊትር ከሞሉ ድምሩ 2 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። በዛ። «200 ትበቃለች» ብሎ ማጉደልም አያዋጣም፦ የተረፈው የኢዲቲኤ ጨው ከቀይ ሴሎች ውኃ ስቦ ፕላዝማውን ያቀጥናል፣ መድኃኒቱም ከእውነቱ ያነሰ ይነበባል። መፍትሔው እንስሳቱን ለሁለት ከፍሎ ከእያንዳንዱ አራት ጊዜ ብቻ መቅዳት ነው። 25 ግራም አይጥ ግን ያላት ደም በሙሉ 1.8 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ከአንድ አይጥ ተደጋጋሚ ናሙና በዚህ ቲዩብ አይታሰብም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኢዲቲኤ መድኃኒቱንም የሚጠብቅ መስሎት ነው። ካልሲየም ይዞ ደሙ እንዳይረጋ ያደርጋል፣ መድኃኒት ሰባሪውን ካርቦክሲልኤስቴሬዝ የሚባል ኢንዛይም ግን አያቆምም። እንደ ፀረ ቫይረሱ ሬምዴሲቪር ያለ፣ ኤስተር የሚባል ኬሚካዊ ማሰሪያ ያለበት መድኃኒት በአይጥ ፕላዝማ ውስጥ በዚሁ ኢንዛይም ቶሎ ይሰባበራል (ተመራማሪዎች የዚህ ኢንዛይም ጂን የተወገደላቸውን አይጦች የተጠቀሙት ለዚህ ነው)። መሰባበሩ ቲዩቡ ውስጥም ይቀጥላል፤ ያኔ ጠረጴዛ ላይ የጠፋው መድኃኒት ከእንስሳው የወጣ ይመስላል። «የደብረ ብርሃን ብርድ ራሱ ፍሪጅ ነው» የሚሉ አሉ። አይደለም፤ ክፍሉ 15 ዲግሪ ቢሆን ኢንዛይሙ ይሠራል። ቲዩቡ ከመቅዳቱ በፊት ጀምሮ በረዶ ውስጥ ይሁን።

ብርዱ የሚጎዳው ሌላ ቦታ ነው፦ የእንስሳው ደም ሥር ይኮማተራል፣ ደም በጠብታ ይመጣል፣ ቲዩቡ ሳይሞላ ይረጋል። እንስሳውን አስቀድሞ ማሞቅ ያስፈልጋል። መድኃኒቱ በጅራት ደም ሥር ከተሰጠ ደሙ ከእግር ይቀዳ፤ ጅራት ላይ የቀረ ቅሪት የመጀመሪያዎቹን ናሙናዎች በሐሰት ከፍ ያደርጋል።

ፕላዝማውን በማሽከርከር የሚለየው ማሽን፣ ሴንትሪፉጁ፣ 2,000 ጂ (የመሬት ስበት 2,000 እጥፍ)፣ 10 ደቂቃ፣ 4 ዲግሪ። ክንዱ (ከመሐሉ እስከ ቲዩቡ ያለው ርቀት) 8 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 4,730 ዙር በደቂቃ ማለት ነው፤ ከሌላ ማሽን ዙር መቅዳት አይሠራም። ከላይ 50 ማይክሮ ሊትር ፕላዝማ ወስዶ ወዲያው 150 ማይክሮ ሊትር አሴቶናይትራይል (ፕሮቲን የሚያዘቅጥ ፈሳሽ) ላይ መጨመር ኢንዛይሙን ያቆመዋል። በፕላዝማውና በቀይ ሴሎቹ መካከል ያለውን ነጭ ስስ ሽፋን ፒፔቱ እንዳይነካው።

ክዳኑ ሲከፈት ፈንጠር ይላል፤ ጓንትና መነጽር አይርሱ። ቲዩቡ ላይ በተራ ማርከር የተጻፈም በረዶው ሲቀልጥ አብሮ ይሄዳል።