ከሌላ መኪና የወጣ አሎይ ቸርኬ፦ የትኛው መንገድ ይሻላል?

ከአንድ መኪና የተፈታ አሎይ ቸርኬ በሌላ ፋብሪካ መኪና ላይ ለመግጠም የሚያስብ ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ቀዳዳው ስንት ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም መልሱ የሚነግረን በጣም ጥቂት ነው። ባለ አምስት ቀዳዳ የሆኑ ሁለት ቸርኬዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ለዓይን አንድ ይመስላሉ፤ ነገር ግን አንደኛው ያለ ችግር ዓመታት ሲያገለግል ሌላው በሳምንት ውስጥ ዳዶውን ሊያላላ ይችላል። ልዩነቱን የሚፈጥሩት ቡሎኖቹ የተደረደሩበት ክብ ስፋት፣ የመሃል ቀዳዳው፣ የዳዶው አፍ ቅርጽ እና ኦፍሴቱ (ቸርኬው መኪናው ላይ የሚያርፍበት ገጽ ከቸርኬው ስፋት መሃል ያለው ርቀት) ናቸው። ገዢው ከፊቱ ያሉትን አማራጮች ማወዳደር ያለበትም በእነዚህ ነው።

የቡሎን ክቡ ስፋት የመጀመሪያው ማጣሪያ ነው። ብዙዎቹ መካከለኛ የቶዮታ፣ የሆንዳ፣ የኒሳን፣ የማዝዳ፣ የሂዩንዳይ እና የኪያ ሞዴሎች 5×114.3 (አምስት ቀዳዳ፣ የክቡ ስፋት 114.3 ሚሊ ሜትር) ናቸው። መርሰዲስ፣ አውዲ እና አብዛኞቹ የቅርብ ዘመን ፎልክስዋገኖች 5×112፣ የቀድሞዎቹ ቢኤምደብሊው 5×120፣ ፎርድ ፎከስ እና ብዙ ቮልቮዎች 5×108 ሲሆኑ፣ ትናንሽ መኪኖች ዘንድ 4×100 የተለመደ ነው። ባለ አራት ቀዳዳ ከሆነ ፊት ለፊት የሚተያዩትን የሁለት ቀዳዳዎች መሃል ከመሃል መለካት ይበቃል። ባለ አምስት ከሆነ ግን ፊት ለፊት የሚተያዩ ቀዳዳዎች ስለሌሉ፣ ከአንዱ ቀዳዳ መሃል አጠገቡ ያለውን ዘሎ እስከሚቀጥለው መሃል ድረስ ያለው ርቀት ተለክቶ በ1.051 ይባዛል። እዚህ ላይ እጅግ የምሰጋው 112 እና 114.3 እንዳይምታቱ ነው። ልዩነቱ 2.3 ሚሊ ሜትር ብቻ በመሆኑ ቸርኬው ተገፍቶ ይገባል፣ ዳዶውም በጉልበት ይጠብቃል፤ ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ቡሎን ከቦታው 1.15 ሚሊ ሜትር ተዛንፎና ተጣምሞ ስለሚታሰር ውሎ አድሮ ሊበጠስ ይችላል።

ከአማራጮቹ ሁሉ የተሻለው፣ የቡሎን ክቡ አንድ ሆኖ የመሃል ቀዳዳው ከመኪናው ሞዞ (ቸርኬው ከሚታሰርበት የመሃል ክፍል) እኩል ወይም ሰፋ ያለ ቸርኬ መምረጥ ነው። በ5×114.3 ሞዴሎች ላይ የመሃል ቀዳዳው በአብዛኛው በቶዮታ 60.1፣ በሆንዳ 64.1፣ በኒሳን 66.1፣ በማዝዳ፣ በሚትሱቢሺ፣ በሂዩንዳይ እና በኪያ ደግሞ 67.1 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ የሂዩንዳይ ቸርኬ ቶዮታ ላይ ይገባል፤ የቶዮታው ግን የሂዩንዳይ ሞዞ ላይ ጨርሶ አይቀመጥም። አቅጣጫው ወሳኝ የሆነበት ሌላው ምሳሌ ባለ ስድስት ቀዳዳዎቹ ዘንድ ይገኛል፦ ሂሉክስም ፓጄሮም 6×139.7 ቢሆኑም የሂሉክሱ የመሃል ቀዳዳ 106.1፣ የፓጄሮው 67.1 በመሆኑ የፓጄሮው ቸርኬ ሂሉክስ ላይ አይታሰብም።

ሰፊው ቸርኬ ጠባቡ ሞዞ ላይ ሲገባ የሚተርፈው ክፍተት በማዕከያ ቀለበት ይሞላል። በራሴ መኪና ላይ የደረሰው ይህንኑ ያረጋግጣል። ባለ 67.1 ቸርኬ በ60.1 ሞዞ ላይ ያለ ቀለበት ተገጥሞልኝ፣ በከተማ ውስጥ ምንም ሳይሰማኝ ቆይቶ ፍጥነቱ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ መሪው እጄ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጎማዎቹ ሁለት ጊዜ ባላንስ ቢደረጉም መንቀጥቀጡ አልቆመም፤ ቸርኬው ራሱ ባላንስ ማድረጊያው ማሽን ላይ ምንም ጉድለት አልነበረውምና። ቀለበቶቹ የገቡ ዕለት ጠፋ። ቀለበቱ የመኪናውን ክብደት አይሸከምም፤ ክብደቱን የሚይዘው ዳዶዎቹ ቸርኬውን ሞዞው ላይ ጨምቀው የሚፈጥሩት ፍትጊያ ነው። የቀለበቱ ሥራ ቸርኬውን መሃል ማስያዝ ብቻ ነው። የፕላስቲኩ ቀለበት ከሞዞው ጋር አይጣበቅም፣ ነገር ግን የፍሬን ሙቀት ሊያለሰልሰው ይችላል። የአሉሚኒየሙ ሙቀትን ይችላል፣ ነገር ግን ዝገት ይዞት ሊጣበቅ ይችላል። ቁልቁለት የሚበዛበት መንገድ ለሚነዳ ሰው አሉሚኒየሙን እመርጣለሁ፤ ጎማ በተፈታ ቁጥር ግን መጽዳት አለበት።

ከቀለበቱ ይልቅ የሚዘነጋው ዳዶው ነው። የዳዶው ጥርስ የመኪናውን፣ አፉ ደግሞ የቸርኬውን መከተል አለበት። ቶዮታ፣ ሆንዳ፣ ማዝዳ፣ ሚትሱቢሺ እና ሂዩንዳይ በብዛት 12 ሚሊ ሜትር ቡሎን ባለ 1.5 ጥርስ (ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.5 ሚሊ ሜትር) ሲጠቀሙ፣ ኒሳን፣ ሱባሩ እና ሱዙኪ ባለ 1.25 ጥርስ ይጠቀማሉ። የአፉን ነገር ካየን የሆንዳ ፋብሪካ ቸርኬ የኳስ ቅርጽ ያለው መቀመጫ አለው፣ ብዙዎቹ የቶዮታ ፋብሪካ ቸርኬዎች ሮንዴላ ያለው ጠፍጣፋ ዳዶ ይፈልጋሉ፣ በገበያ ላይ ለብቻቸው የሚሸጡት ቸርኬዎች ደግሞ በአብዛኛው 60 ዲግሪ ሾጣጣ ናቸው። ሾጣጣ ዳዶ የገባበትን የሆንዳ ቸርኬ አስፈትቼ አይቻለሁ፦ የኳሱ ጎድጓዳ በሙሉ አቧራ እንደለበሰ ሆኖ፣ ብረት ከብረት የተገናኘበት ቦታ እንደ ክር የቀጠነ አንድ የሚያብረቀርቅ መስመር ብቻ ነበር። ዳዶው በቁልፍ ሲጠብቅ ጠንካራ ይመስላል፣ ነገር ግን ያቺ ቀጭን መስመር ስትበላ ወዲያው ይላላል። ዳዶው ቢያንስ የቡሎኑን ውፍረት ያህል ጥርስ መያዝ አለበት፤ ለባለ 1.5 ጥርስ ቡሎን ይህ ማለት በእጅ ሲዞር ወደ 8 ዙር ነው። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላም በቶርክ ቁልፍ (የሚጠብቅበትን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) እንደገና መፈተሽ ይኖርበታል።

የመሃል ቀዳዳው የጠበበውን ቸርኬ በቶርኖ ማስፋት ሁለተኛው መንገድ ነው። የቶዮታን ቸርኬ ለሆንዳ ማድረስ ከእያንዳንዱ ጎን 2 ሚሊ ሜትር ማንሳት ብቻ ስለሚጠይቅ፣ መሃሉ በቂ ብረት ካለውና ባለሙያው በትክክል ካማከለው ሥራው ሊሳካ ይችላል። ቀለበት ግን ሲሳሳት ይቀየራል፤ የተዛነፈ ቶርኖ አይመለስም። ሰፊ ቀዳዳ ያለው ቸርኬ ማግኘት እስከተቻለ ድረስ ይህን መንገድ አልመክርም።

የቡሎን ክቡ ራሱ የሚለያይ ከሆነ አዳፕተር ይነሳል። አዳፕተር በሞዞው ላይ የሚታሰር፣ የራሱ ቡሎኖች ያሉት ወፍራም ዲስክ ሲሆን ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ሚሊ ሜትር በላይ ነው። በጎ ጎኑ ቸርኬውም ሞዞውም ሳይነካ የሁለት ፋብሪካዎችን ልኬት ማገናኘቱ ነው። ችግሩ ቸርኬውን በውፍረቱ ልክ ወደ ውጭ መግፋቱ ነው፤ ኢቲ 45 የሆነ (ማለትም ኦፍሴቱ 45 ሚሊ ሜትር የሆነ) ቸርኬ በ20 ሚሊ ሜትር አዳፕተር ላይ ሲገጠም እንደ ኢቲ 25 ይሆናል። ስለዚህ አዳፕተር የሚያዋጣው ኦፍሴቱ ከፍ ያለ ቸርኬ ዝቅተኛ ኦፍሴት ወደሚፈልግ መኪና ሲዛወር ብቻ ነው። በተገላቢጦሽ ከሆነ ጎማው ፓራፋንጎውን ያሻል፣ የሞዞው ኩሽኔታም ተጨማሪ ጫና ይሸከማል። ተንቀሳቃሽ ሾጣጣ ያላቸው ቡሎኖች የሚሸፍኑት በጣም አነስተኛ ልዩነት ብቻ ስለሆነ እንደ መደበኛ መፍትሔ አላያቸውም። ቀዳዳ በብየዳ ደፍኖ እንደገና መብሳትን ግን ፈጽሞ እቃወማለሁ፤ ጥንካሬውን በሙቀት ሕክምና ያገኘ አሉሚኒየም በብየዳው ዙሪያ ያንኑ ጥንካሬ ያጣል።

አዲስ ቸርኬ መግዛት ሌላው አማራጭ ነው። እነዚህ ብዙ መኪኖችን እንዲያገለግሉ የመሃል ቀዳዳቸው ሰፍቶ ከቀለበት ጋር ይመጣሉ፣ ኦፍሴታቸውም ይመረጣል። ነገር ግን በጀርባቸው የመሸከም አቅማቸው በኪሎ ግራም ካልተጻፈ ወይም የጃፓኑን የጄደብሊውኤል ምልክት የመሰለ የደረጃ ምልክት ከሌላቸው፣ ያልተጎዳ የፋብሪካ ቸርኬ ከእነርሱ ይሻላል። የአንዱ ቸርኬ አቅም በሁለት ተባዝቶ መኪናው ለአንድ አክስል ከተፈቀደለት ክብደት ማነስ የለበትም።

በማናቸውም መንገድ ስፋቱና ኦፍሴቱ አብረው ይሰላሉ። 6 ጄ (6 ኢንች ስፋት) ኢቲ 45 የነበረው በ7 ጄ ኢቲ 35 ሲተካ የውጭ ጠርዙ 22.7 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይወጣል፣ የውስጡ ደግሞ 2.7 ሚሊ ሜትር ወደ ሞራዛቶሩ ይጠጋል። የጎማውም ቁመት መጠበቅ አለበት። 195/65 አር 15 ጎማ 634.5 ሚሊ ሜትር ቁመት አለው፤ 205/55 አር 16 በ631.9 ያለ ችግር ይተካዋል። 205/65 አር 16 ግን 672.9 ስለሚሆን፣ ፍጥነት ቆጣሪው 100 ሲያሳይ መኪናው 106 ገደማ እየሄደ ነው።

ያገለገለውን የሚገዛ ሰው የውስጥ ጠርዙን በጣቱ ይዳብስ፤ ስንጥቅና የተስተካከለ እብጠት የሚገኘው ከሚታየው ፊት ሳይሆን ከዚያ ነው። ከዚያም አራቱንም ከመግዛቱ በፊት አንዱን ያለ ጎማ የፊት ሞዞ ላይ አስገብቶ፣ በሁለት ዳዶ ይዞ በእጁ ያዙረው። የፍሬኑ ካሊፐር የቸርኬውን ጨረሮች ከነካ ድምፁ እዚያው ይሰማል።